የሁለት ማርክ ዕዳ



ዕዳ ይዞ መሞት ከባድ ነገር መሆኑን ሁላችንም ከወላጆቻችን አፍ ስንሰማ አድገናል። እኔም ለብዙ ዓመታት አንድ ዕዳ ተሸክሜ ኖሬአለሁ። ገንዘብ አይደለም፤ ሁለት ማርክ ናት። የወሰድኳትም ከአንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ላይ ነው፤ ያውም ትክክል የሠራሁ መስሎኝ። ነገሩ የኬሚስትሪ ነገር ስለሆነ አንዳንድ እናቶችና እህቶች «ይህስ እኔን አይመለከተኝም» ብለው ገጹን እንዳይገልጡት አደራ እላለሁ። አብዛኛው ታሪክ የተፈጸመው ማድቤት ውስጥ ነው።

የምኖረው ጫጫ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በደሴ መንገድ ስትጓዙ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራችሁ የምታገኟት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ባቄላ፣ በግና ሱፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ብርድ የሞላበት። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ይበልጣል። ይህን ቁጥር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኬሚስትሪ ማስተማር የጀመርኩት በ1994 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ አንድም ዓመት «የማስተማሪያ መሣሪያ ሞልቶልኛል» ያልኩበት የለም። በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ ሲመጣ ችግሩ የተፈታ መስሎን ደስ ብሎን ነበር። በእርግጥም ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት መምህር የሚሠሩት ሙከራ ያምር ነበር፤ ብርጭቆዎቹ ንጹሕ ናቸው፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ጢሱ ይወጣል። ነገር ግን ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነው፣ ይፈጥናል፣ ቆም በል ቢሉት አይቆምም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኔም ተማሪዎቼም ጥቁሩን መስተዋት እያየን እንቀመጣለን። ልጆቹ ከዚያ የተማሩት ዋና ነገር ኬሚስትሪ ሩቅ አገር፣ ነጭ ጋዋን በለበሱ ሰዎች እጅ የሚሠራ ነገር መሆኑን ይመስለኛል።

ወደ ዕዳዬ ልግባ። ጊዜው 2009 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በማስተምርበት ትምህርት ቤት (ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም) ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበር፤ ቁልፉ ግን ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ዕቃው እንዳይሰበርበት ይሠጋል። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ቴርሞሜትር በፊርማ ወሰድኩ። ቀይ ፈሳሽ ያለው፣ እስከ 110 ዲግሪ የሚለካ። ቡታጋዝና ድስት ከቤቴ ይዤ ሄድኩ። ከ60 በላይ የሆኑትን ልጆች በስምንት ቡድን ከፈልኳቸውና እየተፈራረቁ ውሃ እንዲያፈሉ፣ የሚፈላበትን ሙቀት አንብበው ሪፖርት እንዲጽፉ አዘዝኩ። ከአምስት ማርክ የሚታረም ነው።

ሰባቱ ቡድኖች «100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ» ብለው ጻፉ። የአንዱ ቡድን ጸሐፊ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ «91» ብሎ ጻፈ። እኔም ሁለት ማርክ ቀነስኩበትና በቀይ እስክሪብቶ «መጽሐፍህን አንብብ!» ብዬ ጻፍኩበት። ወረቀቱን ስመልስለትም በክፍሉ ፊት ደግሜ ነገርኩት። ልጆቹ ሳቁ። እሱ ምንም አልተናገረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። እኔ በዚያን ቀን ቡታጋዙ እንዳይገለበጥ፣ ልጆቹ እንዳይጋፉ፣ ቴርሞሜትሩ እንዳይሰበር ስጠብቅ ዋልኩ እንጂ ጎንበስ ብዬ ቁጥሩን አላየሁትም። ለምን አያለሁ? መልሱን አውቀዋለሁ።

ከዚያ አምስት ዓመት አለፈ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ታላቅ እህቴ ከነልጆቿ ሸሽታ እኔ ዘንድ መጣች። የዚያን ሰሞን ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ በተፈናቃይ ተሞልቶ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ቤታችን ጠባብ ነው፤ አሥራ አንድ ነፍስ ሆነን አደርን። እህቴ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማትችል ሴት ስለሆነች በማግሥቱ ማድቤቱን ተረከበችኝ። ባቄላ ለንፍሮ ጣደች። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ድስቱ ይንተከተካል፣ ባቄላው ጥሬ ነው። እንጨቱ አለቀ። በመጨረሻ ክዳኑን አንሥታ ወደ ውስጥ እያየች፣

«አንቺ፣ ይህ ውሃችሁ ምን ሆኗል? ይፈላል እንጂ አያበስልም እኮ!» አለችኝ።

ሁላችንም ሳቅን። በዚያ ሰሞን የሳቅነው ጥቂት ስለነበር ያ ሳቅ ትዝ ይለኛል። እኔ ግን ሳቄን ሳልጨርስ አንድ ነገር ሽው አለብኝ። «ይፈላል እንጂ አያበስልም።» ይህን ነገር እኮ ተምሬዋለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼው ማርክ አግኝቼበታለሁ። ውሃ የሚፈላው ከውስጡ የሚወጣው ተን የሚገፋበት ኃይል ከላዩ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ውሃውም ብዙ ሳይሞቅ መፍላት ይጀምራል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ብታስሉ ብዙ አትሳሳቱም። መጽሐፉ 100 የሚለው በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ነው። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃዋ ወደ 96 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። አዲስ አበባ 92 ገደማ ነው። የእኛ አገር ውሃ ደግሞ 91 ላይ ይፈላና ከዚያ ወዲያ ምንም ያህል እንጨት ብትማግዱ አይሞቅም፤ ትርፉ ተን ሆኖ መውጣት ብቻ ነው። ባቄላው የሚበስለው በመንተክተኩ ሳይሆን በሙቀቱ ስለሆነ ይዘገያል። ከባሕር ወለል በታች በሆነው በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ውሃ ከ100 ትንሽ አልፎ ይፈላል።

ዘጠና አንድ! የዚያ ልጅ ቁጥር።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። «ምናልባት ቴርሞሜትሩ የተበላሸ ይሆን?» እያልኩ ለራሴ ማምለጫ ስፈልግ አደርኩ። ሲነጋ ከውጭ ያደረው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሯል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እዚህ እንዲህ ያደርጋል። በዚያው ሳምንት ቴርሞሜትር ፈልጌ አመጣሁና የሳፋውን በረዶ ሰባብሬ ከጥቂት ውሃ ጋር በጣሳ አድርጌ ውስጡ አቆምኩት። ዜሮ አነበበ። ቴርሞሜትሩ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከዚያ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት። ቀዩ ፈሳሽ ወጣ፣ ወጣ፣ 91 ላይ ቆመ። እህቴ በትከሻዬ ላይ ሆና ታያለች። «እኔስ አላልኩሽም?» አለች።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ከዚህ የከፋው ነገር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ልጁ ትክክል ከሆነ ሌሎቹ ሰባት ቡድኖች 100ን ከየት አመጡት? በዚያው ድስት፣ በዚያው ቴርሞሜትር ያዩት 91 ነው። ዓይናቸው ያየውን ትተው መጽሐፉ ያለውን ጻፉ፤ እኔም ሙሉ ማርክ ሰጠኋቸው። እውነቱን የጻፈውን ቀጣሁት። ይህን ካልኩ በኋላ «ተማሪዎች ይኮርጃሉ» ብዬ ለመናገር አፌ አይታዘዝልኝም።

ትምህርት ሲቀጥል ያንኑ ሙከራ በአዲስ ክፍል፣ ምንም ፍንጭ ሳልሰጥ ደገምኩት። አብዛኞቹ አሁንም 100 ብለው ጻፉ። በዚህ ጊዜ ግን አላረምኩም። ድስቱን እንደገና ጥጄ አንድ በአንድ እየጠራሁ «ያየኸውን ጮክ ብለህ ተናገር» አልኳቸው። የመጀመሪያዋ ልጅ ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። እኔን አየችኝ፣ መልሳ ቁጥሩን አየች፣ «ቲቸር፣ ልክ አልመጣልኝም» አለች። እንግዲህ የኬሚስትሪ ማስተማሪያ ፍለጋዬ በእውነት የተጀመረው በዚያች ቀን ነው። ከዚያ በፊት ስፈልግ የኖርኩት የፋብሪካ ዕቃ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምፈልገው ልጁ በገዛ ዓይኑ ሊያየው የሚችለውንና መጽሐፉ ገና ያልነገረውን ነገር ሆነ።

ይህን ዓይነቱን ነገር ከቤት ይልቅ የት ማግኘት ይቻላል? የአልጫ ወጥ ነጠላ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚሆን ሴቶች ታውቃላችሁ። ቢጫ ነው። በሳሙና ስታሹት ድንገት ቀይ ይሆንና «ምን ጉድ ነው?» ያሰኛችኋል፤ ስታለቀልቁት ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ይህ እርዱ ነው። እርድ ቤዝ ሲነካው ይቀላል፣ አሲድ ሲነካው ደግሞ ቢጫነቱን ይዞ ይቀራል። ነጭ ወረቀት በእርድ ነክሮ አድርቆ በቀጭኑ መቁረጥ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሊትመስ ወረቀት እስኪመጣ መጠበቅ ቀረልኝ። ሆኖም እርድ የሚናገረው ስለ ቤዝ ብቻ ነው። ለሁለቱም የሚሆነው በብዙዎቻችን ቤት ለእንግዳ የሚቀርበው ከርከዴ ነው። ከርከዴ ሎሚ ሲጨመርበት ደማቅ ቀይ፣ የአመድ ውሃ ሲጨመርበት ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ቀይ ሥርም ሞክሬ ነበር፤ ገበያ ላይ በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ተስፋ አድርጌበት። አልጠቀመኝም። በጣም ኃይለኛ ቤዝ ካልሆነ በስተቀር ቀለሙን አይለውጥም፤ ግትር ነገር ነው።

የአመድ ውሃ ካልኩ ዘንድ አንድ ነገር ልጨምር። እናቶቻችን ዕቃ በአመድ የሚያሹት ቅባት የሚፈታ ቤዝ ስላለበት ነው። በመጽሐፋችን «አልካሊ» የሚለው ቃል ከዐረብኛው «አል-ቀሊ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙ የተቃጠሉ ዕፅዋት አመድ፣ ለሳሙናና ለብርጭቆ መሥሪያ የሚውለው ነው። «አልኮል»ም እንዲሁ ከ«አል-ኩሕል» የመጣ ነው፤ ይኸውም ሴቶች ዓይናቸውን የሚኳሉት የእኛው ኩል! መጀመሪያ የላመ ዱቄትን ያመለክት ነበር፤ ቀስ በቀስ አውሮፓውያን «የነገሩ ምርጥ ክፍል» ለማለት ተጠቀሙበት፣ በመጨረሻም ለተጣራ መጠጥ ስም ሆነ። (ስለ ኩል ካነሣን፤ ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል ብዙ ጊዜ የእርሳስ ማዕድን ስለሚሆን ለሕፃናት ዓይን አታድርጉ። እርሳስ መርዝ ነው።) እነዚህን ቃላት በክፍል ውስጥ ስናገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ልጅ ይነቃል፤ ቃሉን ቤቱ ያውቀዋላ።

በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያረፈው አቡበክር አር-ራዚ የኬሚስትሪ ዕቃዎችን ዘርዝሮ የጻፈ ሰው ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ ምድጃ፣ ወናፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ ይገኛሉ፤ የአንጥረኛ ቤት ዕቃ ማለት ነው። አንዳንድ ወንድሞቻችን በየመድረኩ «ኬሚስትሪን የፈጠርነው እኛ ነን» ሲሉ እሰማለሁ። ይበሉ፤ እኔ ግን የሚገርመኝ ራዚ ወናፍ ይዞ የሠራውን እኛ ቤተ ሙከራ ቆልፈን በንግግር መጨረሳችን ነው።

የሌሎች ሰዎች ልፋትም ብዙ ረድቶኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትምህርት ቤቶቻቸው ለወደሙባቸው አገሮች መምህራን ተብሎ አንድ አነስተኛ የሳይንስ ማስተማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ዩኔስኮ ያንን አስፋፍቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ በ1973 እ.ኤ.አ. እንደገና አዘጋጅቶታል። ሚዛንን፣ ማቃጠያን፣ ማጣሪያን ከቆርቆሮና ከጠርሙስ እንዴት መሥራት እንደሚቻል በሥዕል ያሳያል። ከ60 ዓመት በኋላ በእኛው ክልል ስንት ትምህርት ቤት በጦርነት እንደተዘረፈና እንደፈረሰ ሳስብ መጽሐፉ ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ በጆሃንስበርግ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሙከራን በጠብታ የሚያሠራ ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አዘጋጅተዋል፤ ጠብታ ስለሆነ ኬሚካሉ አይባክንም፣ አደጋውም ያንሳል። ያ ዕቃ እጄ አልገባም። ሐሳቡን ግን ወሰድኩት፤ ክኒን የወጣበት ባዶ ማሸጊያ አሥር ጉድጓድ አለው! በየጉድጓዱ አንዳንድ ጠብታ ከርከዴ፣ ከዚያ በአንዱ ሎሚ፣ በአንዱ አቼቶ፣ በአንዱ ሳሙና፣ በአንዱ የአመድ ውሃ። ስድሳ ልጅ ስድሳ ቤተ ሙከራ ኖረው። ማሸጊያውን ታጥቦ እንዲያመጡ ለወላጆች መልእክት ብልክ የመጣው ብዛት የአገሩን በሽታ ሁሉ ነገረኝ።

እንጀራም አስተምሯል። ሊጥ ሲቦካ የሚወጣው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ የእንጀራው ዓይን ያ አየር ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ ለግድግዳ የሚሆን ኖራ በውሃ በጥብጦ ማሳደር፣ ከላይ የጠራውን ቀስ ብሎ መቅዳት፤ ከዚያ ሊጥ ያለበትን የሃይላንድ ጠርሙስ በአዲስ የግሉኮስ ቱቦ ከዚያ ውሃ ጋር ማገናኘት ነው። ትንሽ ቆይቶ የጠራው ውሃ ወተት ይመስላል። አንዱ ልጅ በትንፋሹም ሞክሮ ወተት ሲሆንለት «እኔም ቦክቻለሁ!» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። (ቱቦውን መንፋት እንጂ መሳብ እንዳይገባ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ፤ ኖራ ጉሮሮ ያቃጥላል።)

ሱፍም አለን። ደብረ ብርሃን በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ ናት፤ መንዝ ደግሞ ባናና በርኖስ አለ። ገበያ ላይ ግን «ንጹሕ ሱፍ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም። አንድ ክር መዞ በክብሪት መለኮስ ይበቃል። ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል፤ ሱፍም ፀጉርም ፕሮቲን ናቸውና። ሰው ሠራሽ ከሆነ ቀልጦ ጥቁር ጠጣር ጠብታ ይሆናል። ይህን ያስተማርኩ ሰሞን የአንዲት ተማሪ እናት ገበያ ላይ ከነጋዴው ፊት ክር መዝዛ ለኩሳ ጠብ ተነሥቶ ነበር አሉ። ነጋዴው ለርእሰ መምህሩ ሊከሰኝ አስቦ እንደነበርም ሰምቻለሁ።

ስለ ጨው ብዙ መናገር እችል ነበር። አያቴ የአልዩ አምባ ሰው ናቸው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከአፋር በቅፍለት የሚመጣው ጨው በዚያ ገበያ አልፎ ወደ አንኮበርና ወደ ሸዋ ደጋ ይገባ ነበር፣ አሞሌውም ገንዘብ ነበር። አፈር የበዛበትን ጨው በውሃ አሟሙቶ፣ በነጠላ አጥልሎ፣ ውሃውን በፀሐይ አትንኖ ንጹሑን መመለስ የማጣራት ትምህርት ሙሉ ምዕራፍ ነው። ልጆቹ ከሁሉ በላይ የወደዱት ግን ጨው ያለበትና ጨው የሌለበት ውሃ በሁለት ጣሳ ውጭ አሳድሮ ጠዋት የትኛው እንደረጋ ማየት ነበር። ውርጩን የምናመሰግንበት አንድ ቀን አገኘን።

አደጋውን ደግሞ ሳልናገር ብቀር ሌላ ዕዳ ይሆንብኛል። የቤት ዕቃ ሁሉ የዋህ አይደለም። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከመጸዳጃ ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል መርዝ ነው። ይህ ለክፍል ብቻ ሳይሆን ለየቤታችን የሚሆን ምክር ነው። ከጋራዥ የባትሪ አሲድ አምጥቼ ለማቅጠን ስሞክር ቸኩዬ ውሃውን በአሲዱ ላይ ጨመርኩት። ተፈናጥሮ የቀሚሴን ጫፍ በሳው፤ ልጆች አጠገቤ አለመኖራቸው የአላህ ጥበቃ ነው። አሲዱ ነው ቀስ እያለ በውሃው ላይ የሚጨመረው። ያን ቀሚስ አልጣልኩትም፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ክፍል ይዤው እገባለሁ።

ስለ ስልክ የሚጠይቁኝ አሉ። አዎን፣ ዛሬ መጽሐፍ በበቂ ባልታተመበት ጊዜ ልጆቹ በቴሌግራም እየተቀባበሉ ያነቡታል፤ በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ይህ ባይኖር ምን እንሆን ነበር? በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ «ፌት» በሚል ስም በነፃ ያቀረባቸው ሥዕላዊ ሙከራዎችም አሉ፤ አንዴ ካወረዷቸው ያለ ኔትወርክ ይሠራሉ። ዓይን የማያየውን፣ የአቶምን ነገር፣ ለማሳየት ከእነሱ የተሻለ አላገኘሁም። ሆኖም በስልክ ላይ ያለው ውሃ ሁልጊዜ እንዳዘዙት ይፈላል። አያስደነግጥም። ጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ ሁላችንም አንዳችን በአንዳችን አሳበብን፤ እኔ ያስታወስኩት ግን «ልክ አልመጣልኝም» ያለችውን ልጅ ነው።

ልጁን ስፈልገው ቆይቻለሁ። የ10ኛ ክፍል ፈተና ሳይቀናው ቀርቶ ትምህርቱን እንደተወ ሰማሁ። በእኔ ምክንያት ነው አልልም፤ ድህነትም አለ፣ ብዙ ነገር አለ። በእኔ ምክንያት አይደለም ለማለትም ግን አልደፍርም። በ2017 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ክፍት በሆነበት በአንዱ ቀን፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ በሚኒባስ ስመለስ ሒሳብ የሚሰበስበው ረዳት «ቲቸር፣ ያንቺ ተከፍሏል» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ነው። ጢም አውጥቷል።

ጫጫ ስንደርስ ወርጄ እዚያው መንገድ ዳር አስቆምኩትና ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። 91 ትክክል እንደነበረ፣ እኔ እንዳልሳሳትኩ ቆጥሬ እንደቀጣሁት፣ ይቅር እንዲለኝ። ሾፌሩ ጥሩንባ ይነፋል። ልጁ ግራ ተጋባ። ቁጥሩን ጨርሶ ረስቶታል። የቀነስኩበትንም ማርክ አያስታውስም።

«እኔ ትዝ የሚለኝ 'መጽሐፍህን አንብብ' ያልሽኝ ነው» አለ። «መጽሐፍ እኮ አልነበረኝም ቲቸር። ለሦስት አንድ ነበር የተሰጠን፤ ያ መጽሐፍ እነሱ ጋ ነበረ። መጽሐፉ ቢኖረኝ እኔም 100 ብዬ እጽፍ ነበር።»

ምን እንደምመልስለት አጣሁ። እሱ ግን ቂም የያዘ አይመስልም። «ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይልቅ ታናሽ እህቴ ዘንድሮ ዘጠነኛ ትገባለች። ታስቸግራለች፣ ሁሉን ነገር ለምን ትላለች። ትላክልሽ?» አለኝ።

መጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። መጀመሪያ ያሠራኋት የወንድሟን ሙከራ ነው፤ ቴርሞሜትሩን በዜሮ ፈትሻ፣ ውሃውን አፍልታ፣ 91 ብላ ጻፈች። ለወንድሟም እንድትነግረው አደረግኩ። ባለፈው ቅዳሜ ባቄላ በፕሬዠር ድስት ጥጄ ሳለ መጣችና ድስቱ ሲያፏጭ ዓይኗን ጣለችበት። ባቄላው በግማሽ ሰዓት በሰለ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ክዳኑ ተኑን አፍኖ ግፊቱን ስለሚጨምር ነው ብላ በራሷ ደረሰችበት።

«እሺ ውስጡ ስንት ዲግሪ ሆኖ ነው?» አለችኝ።

«መጽሐፍ ላይ 120 ገደማ ይላል» አልኳት።

«ይህ ድስት ነው ወይስ የመጽሐፉ ድስት?»

ክዳኑን በስቶ ቴርሞሜትር መክተት አይቻልም፤ አደገኛ ነው፣ የእኛም ቴርሞሜትር ከ110 አያልፍም። ሁለታችንም ድስቱን እያየን ዝም አልን። በኋላ ደብተሯን አወጣችና ጥያቄውን ጻፈችው፤ ከጎኑም ለቁጥሩ የሚሆን ባዶ ቦታ ተወችለት።